ዓመታዊ ድምሩን ለጊዜው እርሱት፦ የእርሻ ቀጠናችሁን ከዝናቡ አመል መለየት

ኮምቦልቻ አጠገብ፣ አጎቴ ጓሮ፣ አንድ ጊዜ በቆሎ ዘርቼ አፍሬያለሁ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ዝናብ ጣለ። መሬቱ ራሰ። እኔ ደግሞ ስልኬ ላይ «በዓመት ወደ 1000 ሚሊ ሜትር» የሚል ቁጥር አይቼ ስለነበር ዝናቡ ገባ ብዬ ዘሬን ጣልኩ። አጎቴ ምንም አላለኝም። ዳር ቆሞ አየኝና ገባ። ቡቃያው ስንዝር ሲያህል ሰማዩ ጥርት አለ፤ እንደ ጠራም ከረመ። ቅጠሉ መጀመሪያ እንደ ጥቅልል ወረቀት ተጠቀለለ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ ጫፉ ተቃጠለ። አጎቴ ያኔ ነው የተነፈሰው፦ «አንተ ልጅ፣ እዚህ አገር ሰኔ እኮ በጋ ነው!»

እውነቱን ነው። እዚያ አካባቢ ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ከፍ ይላል። አንዱ በልግ ላይ ነው፣ ትልቁ ሐምሌና ነሐሴ ላይ። በመካከል ሰኔ አካባቢ ጎድጓዳ አለ። የኔ በቆሎ የወደቀው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ስልኩ የነገረኝ ቁጥር ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ ከቁጥሩ የጠበቅኩት ነገር ነበር።

ይህን የምጽፈው አንድ ቦታ ለእርሻ ምን ዓይነት እንደሆነ ከዝናብ መረጃ ተነስታችሁ ራሳችሁ መለየት እንድትችሉ ነው። መሬት ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ያሰባችሁ፣ ውጭ አገር ሆናችሁ የቤተሰብ ማሳ ላይ ገንዘብ ልታፈሱ የፈለጋችሁ፣ ወይም ዝም ብሎ የሚገርማችሁ ሰዎች ትኖራላችሁ። የሚያስፈልገው ስልክ ወይም ኮምፒውተር፣ አንድ ደብተርና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ግርታ እናጥራ። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የምንላቸው ስሞች በዋናነት የሚናገሩት ስለ ከፍታና ስለ ሙቀት ነው። በተለመደው አከፋፈል ከ500 እስከ 1500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ ነው። ከ500 በታች ደግሞ በረሃ። ጥሩ አከፋፈል ነው፣ አልንቀውም። ግን ስለ ዝናቡ ጊዜ ምንም አይነግራችሁም። ባሕር ዳር፣ ጅማና ኮምቦልቻ ሦስቱም በግምት ከ1700 እስከ 1900 ሜትር መካከል ናቸው፤ ሦስቱም ወይና ደጋ። ባሕር ዳር ዝናቡ በአንድ ትልቅ ጉብታ ይመጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይዘረግፈዋል፣ በጋው ድርቅ ያለ ነው። ጅማ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይለጥጠዋል። ኮምቦልቻን ነገርኳችሁ። ሦስት ወይና ደጋ፣ ሦስት የተለያየ የእርሻ ዓመት።

ዓለም አቀፉ የኮፐን የአየር ንብረት አከፋፈልም ለዚህ ሥራ ብዙ አያግዝም። እሱ አንድን ቦታ «ሐሩራማ» የሚለው በጣም ቀዝቃዛው ወር አማካይ ሙቀት 18 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ የተቀመጠችው አዲስ አበባ ከሐሩራማው ምድብ ውጭ ትወድቃለች። ለካርታ ጥሩ ነው፤ ጤፍ መቼ እንደሚዘራ ለሚጠይቅ ሰው ግን እንጃ።

መረጃውን ከየት ታመጣላችሁ?

ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱንም ያዙ። አንደኛው የተጠራቀመ መረጃ ነው። ቺርፕስ (CHIRPS) የሚባል በነጻ የሚወርድ የዝናብ መረጃ አለ። የሳተላይት ምስልና የጣቢያ ልኬትን አዋህዶ የሚሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በግምት አምስት ኪሎ ሜትር በአምስት ኪሎ ሜትር በሆነ ስፋት ይሰጣችኋል። ኢንተርኔት ላይ የቦታችሁን ኬንትሮስና ኬክሮስ አስገብታችሁ በኤክሴል ማውረድ የምትችሉባቸው ገጾች አሉ። አጠገባችሁ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ካለ ደግሞ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የጣቢያውን መረጃ ጠይቁ። በተለይ ተራራማ ቦታ ላይ ያ የበለጠ ይታመናል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ሸለቆና አንድ ጋራ አብረው ሊገቡ ይችላሉና። ቢያንስ የ30 ዓመት ያዙ። የአምስት ዓመት መረጃ ይዞ «ቀጠና» ማለት የአንድ ሳምንት ጓደኛን ለጋብቻ እንደማጨት ነው።

ሁለተኛው የራሳችሁ ጣሳ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ጣሳ ፈልጉ፤ የወተት ዱቄት ጣሳ አሪፍ ነው። አፉና ታቹ እኩል መሆን አለበት፤ ወደ ታች የሚጠብ ባልዲ ከሆነ ቁጥሩን ያጋንነዋል። ከዛፍና ከቤት ራቅ ያለ ክፍት ቦታ ላይ፣ ዛፉ አምስት ሜትር ከሆነ ቢያንስ አሥር ሜትር ሸሽታችሁ፣ ጉልበት በሚያህል እንጨት ላይ አስራችሁ አቁሙት። ፀሐይ እንዳይጠጣው ጥቂት ጠብታ ዘይት ጣል አድርጉበት። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ ለኩና ድፉት። ጣቢያዎቹም የሚያነቡት በዚያው ሰዓት ስለሆነ ቁጥራችሁ ከነሱ ጋር ይገናኛል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህን አንዴ ከያዛችሁ ቁጥሩ ሕይወት ይዘራል፤ 20 ሚሊ ሜትር ማለት እያንዳንዷ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ጀሪካን ውሃ ተደፋ ማለት ነው።

አሁን ስለ ቀን አቆጣጠር። መረጃው የሚወርደው በፈረንጅ ወር ነው፣ ገበሬው የሚያወራው በኛ ወር። «ጁላይ» ማለት ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው፤ «ጁላይ ሐምሌ ነው» ብላችሁ ካለፋችሁ አንድ ሳምንት ጠፋ፤ በመዝራት ጊዜ ደግሞ አንድ ሳምንት ትንሽ አይደለም። የየቀኑን መረጃ ካወረዳችሁ ግን ወደኛ ቀን ለውጣችሁ በአሥር አሥር ቀን ደምሩት። የእርሻ አየር ጠባይ ባለሙያዎች ዝናብን የሚያዩት በአሥር ቀን ነው፤ የኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ስለሆነ ሦስት ቦታ እኩል ይከፈላል። ፈረንጆቹ በ28 እና በ31 ሲቸገሩ እኛ ጳጉሜን ላይ ብቻ ነው የምንቸገረው። ጳጉሜን ለነሐሴ መጨረሻ ጨምሯት፣ ማንም አይከሳችሁም።

ጉብታውን ቁጠሩ

የ30 ዓመቱን አማካይ በየአሥር ቀኑ አውጡና በግራፍ ሣሉት። ወረቀት ላይ በእርሳስም ይሆናል። ከዚያ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ስንት ጉብታ አለው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሐሩሩ ዓለም ዋናው የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ከምድር ወገብ አጠገብ ያለ ቦታ ቀበቶው ሲሄድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሁለት ዝናብ። ራቅ ወዳለው ሰሜን ግን ደርሶ የሚመለሰው አንዴ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዝናብ። ተራራው፣ ሸለቆው፣ ከሁለቱ ውቅያኖሶች የሚመጣው እርጥበት ነገሩን ያጣምመዋል፤ መሠረቱ ግን ይሄ ነው። ናይሮቢ ሁለት ዝናብ አላት፣ ካርቱም አንድ አጭር። ኢትዮጵያ በመካከል ስላለች ሁሉንም ዓይነት ይዛለች።

በኛ አገር በግምት አራት ቅርጽ ታገኛላችሁ። ሰሜን ምዕራቡ፣ ጎጃምና ጎንደር፣ አንድ ጉብታ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡም አንድ ጉብታ ነው፣ ግን የተለጠጠ፤ ጎሬ አካባቢ ዓመታዊው ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ ደረቁ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ምሥራቁና መካከሉ፣ ወሎ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ሐረርጌ፣ በልግና ክረምት ያለው ባለ ሁለት ጉብታ ነው፤ ጎድጓዳው ግን አጭር ነው። ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ ቆላ፣ ቦረናና ሶማሌ ክልል፣ ሁለት ጉብታ አለው፤ በመካከላቸው ግን እውነተኛ ደረቅ ወቅት አለ፣ እሱም ቀሪው አገር በጭቃ ሲርመጠመጥ ነው። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ጃንጥላ ይዞ የሚሮጥ ሰው ያቤሎ ሲደርስ አቧራ ይቀበለዋል።

የወቅት ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ቦረና ውስጥ «ገና» ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ነው፣ «ሀገያ» የመጸዉ ዝናብ፣ «ቦና» ደግሞ ደረቁ ጊዜ። ባሌ ስትሄዱ ግን ገበሬው «ቦና» የሚለው ከነሐሴ ጀምሮ የሚያመርትበትን ወቅት ነው። «በልግ» እንኳ ቦታው ሲለያይ ሌላ ነው። አንዱ ጋ ዋና እርሻ፣ ሌላው ጋ የመሬት ማለስለሻ። ስለዚህ በስሙ ሳይሆን በጉብታው ተማመኑ።

ርዝመቱን ለኩ

ይሄ ነው ዋናው ሥራ፤ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ የሚጠቀምበት ሐሳብ ቀላል ነው፦ ዝናቡ ፀሐይና ነፋስ ከመሬትና ከቅጠል ሊያተኑ ከሚችሉት ውሃ ግማሹን ሲያህል ወይም ሲበልጥ የእድገት ጊዜው ተጀመረ፤ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዝናቡ አበቃ። ከዚያ በኋላ ሰብሉ መሬት ውስጥ በተጠራቀመው እርጥበት ይቀጥላል።

ትነቱን በቤት ስሌት ማውጣት ያደክማል። ግን በግምት እንሥራ። ወይና ደጋ ላይ፣ ደመናማ በሆነው ክረምት፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሊተን ይችላል። ግማሹ ወደ 2 ነው፤ በአሥር ቀን 20። ሞቃታማ ቆላ ላይ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ በአሥር ቀን 30 ያስፈልጋችኋል። እንግዲህ ግራፋችሁ ላይ በ20 ወይም በ30 ላይ አግድም መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ ስንት አሥር ቀን አለ? እሱን በ10 አባዙ። አፈሩ ውሃ የሚይዝ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ጨምሩ። አሸዋማ ወይም ድንጋያማ ከሆነ ምንም አትጨምሩ። ጥቁር ዋልካ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ገበሬው ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራና ጓያ ዘርቶ ዝናብ ሳያይ የሚያጭደው በዋልካው እርጥበት ነው።

ከዚያ ምድቡ ይመጣል። ከ75 ቀን በታች ከሆነ ያለ መስኖ ሰብል ማሰብ ቁማር ነው፤ የአርብቶ አደር አገር ነው። ከ75 እስከ 120 ደረቅ ከፊል በረሃማ ይባላል። ቶሎ የሚደርስ ጤፍ፣ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ፣ ማሾ ይሆንለታል። ከ120 እስከ 180 እርጥበት አዘል ከፊል በረሃማ ነው፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ብዙ ጤፍና ስንዴ የሚወጣው ከዚህ ነው። ከ180 እስከ 270 ከፊል እርጥብ ነው፣ ብዙ ወር የሚቆይ በቆሎ ይችላል። ከ270 በላይ እርጥብ ነው፤ ቡና፣ እንሰት፣ ቅመማ ቅመም።

ባለ ሁለት ጉብታ ከሆነ ግን ሁለቱን እንዳትደምሩ! በልጉ 50 ቀን፣ ክረምቱ 90 ቀን ከሆነ 140 ቀን የላችሁም፤ ያላችሁ አንድ 50 እና አንድ 90 ነው። የኔ በቆሎ የሞተችው በዚህ ድመራ ነው። መሻገር የሚችለው ጎድጓዳውን የሚታገስ ሰብል ብቻ ነው። የሐረርጌና የወሎ ገበሬ ሚያዝያ ላይ የሚዘራው ረጅም ማሽላ ለዚህ የተሠራ ነው። ሲደርቅበት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ክረምቱ ሲመጣ ይነሣል። በልጉ ከቀረበት ደግሞ ገበሬው ማሽላውን ትቶ ሐምሌ ላይ ወደ ጤፍ ይዞራል።

ውሸታሙን ዝናብ ያዙት

አማካይ ግራፍ የዋህ ነው፤ የየዓመቱን ተንኮል ይሸፍናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዓመት ለብቻ አውጡና ዝናቡ «የገባበትን» ቀን ፈልጉ። በስፋት የሚሠራበት መመዘኛ ይሄ ነው፦ በአሥር ቀን ውስጥ 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲዘንብ፣ ቀጥለው ባሉት ሃያ ቀናት ደግሞ በድምሩ ቢያንስ 20 ሲገኝ። ለምሳሌ ሦስቱ አሥር ቀናት 31፣ 18፣ 27 ከሆኑ ዝናቡ ገብቷል። 28፣ 6፣ 3 ከሆነ ግን ውሸት ነው፣ ዘር ያስበላል።

በ30 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደዋሸ ቁጠሩ። ከአሥር ዓመት አንዴ ከሆነ ደህና አገር ነው። ከሦስት ዓመት አንዴ ከሆነ ያ ቦታ ምንም ያህል ሚሊ ሜትር ቢኖረው «በመጀመሪያው ዝናብ የማይዘራበት» ብላችሁ መዝግቡት። እኔ ይህን ዓምድ ከሁሉም በላይ አየዋለሁ፤ ለራሴ ከደረሰብኝ በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ግን አየዋለሁ።

ከዚያ መተማመኛውን አውጡ። የየዓመቱን የክረምት ድምር ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። 30 ዓመት ከሆነ ከታች ስድስተኛውን አንብቡ። ከአሥር ዓመት በግምት ስምንቱን ያን ያህል ወይም የበለጠ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ዕቅዳችሁን በአማካዩ ሳይሆን በዚህ ቁጥር ሥሩ። በልጉንም ለብቻ እንዲሁ አድርጉ። በአብዛኛው የበልጉ ቁጥር ከአማካዩ በጣም ወርዶ ታገኙታላችሁ፤ በልግ ከክረምት ይልቅ ወላዋይ ነው። ኤክሴል የምትችሉ ከሆነ የልዩነቱን መጠን (መደበኛ ልዩነቱን ለአማካዩ አካፍላችሁ) በመቶኛ አውጡት። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ዝናቡ የሚታመን ነው፣ ከ30 በላይ ከሆነ ድርቅ ያዘወትረዋል።

ይህ ሁሉ ምድብ ለምን እንደሚያስፈልግ ኤልኒኖ ሲመጣ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ይታያል። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ሲከዳ ከባዱን ዱላ የቀመሰው በልግና ክረምት የሚጠብቀው የምሥራቅና የሰሜን ምሥራቅ አገር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤልኒኖ መጣና ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሶማሌ ክልልን በጎርፍ አጥለቀለቀው። ላኒና ሲሆን፣ ማለትም ያው ውሃ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ፣ ይገለበጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረናና ሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀረባቸው። ስለዚህ ዜና ላይ «ዘንድሮ ኤልኒኖ ነው» ሲባል መልካም ነው ወይስ መጥፎ የሚለው በየትኛው ጉብታ ሥር እንደምትኖሩ ይወሰናል።

በመጨረሻ ከፍታውን መልሱና በአንድ መስመር ጻፉት። ሙቀቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ 120 ቀን ቆላ ላይና 120 ቀን ደጋ ላይ አንድ አይደለም፣ ደጋ ላይ ሰብል ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጭ አለ። የኔ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ወይና ደጋ፣ 1850 ሜትር። ባለ ሁለት ጉብታ፣ ሰኔ ላይ ጎድጓዳ። ክረምት አጭር፣ የሚታመን። በልግ ወላዋይ። በግንቦት ዝናብ በቆሎ አይዘራም።»

ይህን ለአጎቴ አነበብኩለት። ቡናውን ፉት አለና «ይሄን ለማወቅ ነው 30 ዓመት የቆጠርከው?» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ግን ደብተሩን ተቀበለኝና በልጉ የቀረባቸውን ዓመታት በጣቱ እየቆጠረ ሄደ። እሱ የሚያስታውሳቸው ክፉዎቹን ሦስት አራቱን ነበር፤ መካከለኛዎቹን ረስቷቸዋል። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ «የማሽላው ዘር ቢቀነስስ?» አለ።